የጋዝ መኪና ይፈነዳል ወይ? መጀመሪያ ጋዙ ሲያፈተልክ ወዴት እንደሚሄድ እንይ

ስለ ጋዝ መኪና ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «አይፈነዳም ወይ?» የሚል ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ከባጃጅ ሾፌሩም፣ ከመካኒኩም፣ ከተሳፋሪውም የምሰማው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰው ልጁን አሳፍሮ ትምህርት ቤት የሚልክበት ነገር ነውና። መልሱ ግን «አዎ» ወይም «አይ» ተብሎ የሚያልቅ አይደለም። ጋዝ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አደጋውን የሚወስኑት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ጋዙ ካፈተለከ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ነው። ሁለተኛው ሲሊንደሩን ማን እንደሠራው፣ ማን እንደገጠመውና ማን እንደሚፈትሸው ነው።

ወሬው ሰሞኑን የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተሰማበት ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ሰው ዓይኑን ወደ ሌላ አማራጭ አዙሯል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ፣ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በሶማሌ ክልል የካሉብ የተፈጥሮ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። የራሳችን ጋዝ አለን፤ ከጣና በሚወጣው ዓባይ ላይ የተገነባ ትልቅ የመብራት ኃይልም አለን። ስለዚህ «መኪናውን በጋዝ እንንዳው»፣ «ከመብራቱ ሃይድሮጅን እናምርት» የሚሉ ሐሳቦች ቢመጡ አይገርምም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ጋዙ ከጥንቃቄው ቀድሞ ከተማችን እንዳይገባ ነው።

በቅድሚያ ግን ዛሬ የምንጓዝበትን ነገር በቅጡ እንየው። ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ በየመንገዱ ዳር በሃይላንድ ኮዳ ይሸጣል። አንዳንድ የባጃጅ ሾፌር አንድ ሁለት ኮዳ ገዝቶ ወንበር ሥር ይወሽቃል። ክዳኑ እንዳያፈስ ቁራጭ ፌስታል ከሥሩ ተደርጎ ተጠምዝዟል። የመጋቢት ፀሐይ ሲያገኘው ኮዳው ያብጣል። ፌስታሉ ሲላላ ትነቱ መውጣት ይጀምራል። የቤንዚን ትነት ከአየር በሦስት ወይም በአራት እጥፍ ስለሚከብድ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከአየር ጋር ሲቀላቀል መጠኑ 1.4 በመቶ ገደማ ከደረሰ ለመቀጣጠል ይበቃዋል። ሞተሩ ከኋላ ይግላል፣ የባትሪው ሽቦ እዚያው ነው፣ ተሳፋሪው እግሩን የዘረጋው እዚያው ላይ ነው። ስለለመድነው አያስፈራንም። ማንኛውም የጋዝ መኪና መነጻጸር ያለበት ግን ከዚህ ጋር ነው፤ በሐሳባችን ካለው ምንም አደጋ ከሌለው ነዳጅ ጋር አይደለም። እንዲህ ያለ ነዳጅ የለም።

አንድ ወጣት ሾፌር በቅርቡ «ጋሼ፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ከማድር የቤቴን ቡታጋዝ ብገጥምበት ምን አለበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ስለ ቡታጋዝ ረዘም አድርጌ የምጽፈው ለዚህ ነው። ከሦስቱ የመኪና ጋዞች፣ ማለትም ከቡታጋዝ፣ ከተፈጥሮ ጋዝና ከሃይድሮጅን፣ ለእኛ ቅርቡ እሱ ነው። በየቤቱ አለ። ሲሊንደሩም በባጃጅ ተጋድሞ ከሱቅ ወደ ቤት ሲሄድ በየቀኑ እናያለን።

ቡታጋዝ በሲሊንደሩ ውስጥ አብዛኛው ፈሳሽ ነው። ፈሳሽ ሆኖ የቆየው በግፊት ነው። ለምሳሌ ፕሮፔን የሚባለው የቡታጋዝ ዓይነት በ20 ዲግሪ ሙቀት 8 ባር ገደማ ግፊት አለው። ፀሐይ ላይ ቆሞ 40 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ ከ13 ባር ያልፋል። የመኪና ጎማ ግፊት ከ2 ባር ብዙም እንደማይበልጥ ካስታወስን ልዩነቱ ግልጽ ነው። አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ወደ ውጭ ሲወጣ 270 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል። ይህ ጋዝ ከአየር ጋር ሲቀላቀል ከ2 በመቶ ትንሽ ከፍ ሲል መቀጣጠል ይችላል። ስናሰላው አንድ ሊትር ብቻ ወደ 13 ሜትር ኪዩብ የሚጠጋ አየርን ተቀጣጣይ ማድረግ ይችላል ማለት ነው። ይህ የአንዲት ትንሽ ክፍል አየር ነው።

የወጥ ቤቱ ሲሊንደር ለተሽከርካሪ የማይሆነው ለዚህ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፈሳሹ ከታች፣ ጋዙ ከላይ ይሆናል፤ ወደ ምድጃው የሚሄደው ከላይ ያለው ጋዝ ነው። ሲጋደም ግን ፈሳሹ አፉ ድረስ ይደርሳል። ግፊት በዝቶ ማስተንፈሻው ቢከፈት በጋዝ ፈንታ ፈሳሽ ይተፋል። ለመኪና የተሠራው ታንከር ሌላ ነገር ነው። ሲሞላ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ራሱ ያቆማል፤ ቀሪው ቦታ ፈሳሹ በሙቀት ሲሰፋ የሚያርፍበት ነው። ቧንቧው ቢበጠስ ፍሰቱን የሚያንቅ ቫልቭ አለው። ሞተሩ ሲጠፋ በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ሌላ ቫልቭ አለው። ግፊት ሲበዛ ደግሞ የሚያስተነፍስ ሦስተኛ አለ። የወጥ ቤቱ ሲሊንደር ይህ ሁሉ የለውም። ጉድጓድ የበዛበት መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ እንዲውልም አልተሠራም። ለወጣቱ የነገርኩትም ይህንን ነው።

ከዚህ በላይ ልብ ልንለው የሚገባው ክብደቱ ነው። ፕሮፔን ከአየር አንድ ተኩል ጊዜ ይከብዳል፤ ቡቴን የሚባለው ሌላው የቡታጋዝ ዓይነት ደግሞ ሁለት ጊዜ። ካፈተለከ ወደ ታች ይወርዳል። ወለል ላይ ይንሸራተታል፣ በር ሥር ያልፋል፣ የጎርፍ ቦይ ውስጥ ይገባል። ነፋስ ካላገኘው እዚያው ይከማቻል። ከተማችን በሐይቅ ዳር ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት፤ መንገዶቿ ግራና ቀኝ ቦይ አላቸው። ጋዝ የሚያፈስ ባጃጅ ቦይ ጠርዝ ላይ ቢቆም ብልጭታው የግድ ከባጃጁ መምጣት የለበትም። ራቅ ብሎ ቆሎ ከሚቆላ ሰው ምድጃ ሊመጣ ይችላል። ሕንፃ ሥር ባለ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። አየሩ የሚወጣበት መንገድ ከላይ ብቻ ከሆነ ቡታጋዙ ከታች ተኝቶ ይቀራል።

ጣና ላይ ያሉትን የሞተር ጀልባዎችም መርሳት የለብንም። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ ምዕመናንንና እንግዶችን የሚያመላልሱት ጀልባዎች ቤንዚን ይጠቀማሉ፤ ተጠባባቂው ብዙ ጊዜ በጀሪካን ነው። ጀልባ ከሥሩ ቀዳዳ የለውም። ውኃ እንዳያስገባ የተሠራው አካል ከባድ ጋዝንም አያስወጣም፤ እንደ ሳህን ይይዘዋል። የነዳጅ ዋጋ ሲወደድ «ጀልባውንም ወደ ቡታጋዝ እንቀይረው» የሚል ሰው መነሳቱ አይቀርም። እኔ በግልጽ እቃወማለሁ። ወለሉ ላይ ጋዝ ጠቋሚ መሣሪያና አየር የሚመጥ ማራገቢያ ሳይኖር መሞከር የለበትም። ሐይቁ መሐል ላይ የሚሸሽበት ቦታ የለም።

የተፈጥሮ ጋዝ ጠባዩ የተለየ ነው። አብዛኛው ሚቴን ነው፤ ከአየር ይቀላል። ካፈተለከ ወደ ላይ ወጥቶ ይበተናል። ለመቀጣጠል በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት። ከዚያ ቢያንስም ቢበዛም አይነድም። በዚህ በኩል ከቡታጋዝም ከቤንዚንም ይሻላል። ችግሩ ግፊቱ ነው። በመኪና ላይ የሚጫነው ታምቆ በ200 ባር ነው። እንዲህ ያለ ሲሊንደር ከዛገ ወይም ከተቦረቦረ ጋዙ ባይቀጣጠልም እንኳ ብረቱ ራሱ ሰው ይገድላል። ሕንድ ውስጥ የደልሂ አውቶቡሶች በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1998 እ.ኤ.አ. ትእዛዝ መሠረት እስከ 2002 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወደ ታመቀ የተፈጥሮ ጋዝ ተለውጠዋል። እኛ ባጃጅ የምንላት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪም እዚያው አገር በጋዝ የምትሄድ ሆና ከፋብሪካ ትወጣለች። ስለዚህ ነገሩ አይቻልም የሚል ሰው ካለ ተሳስቷል። እዚያ ግን ሲሊንደሩ በየሦስት ዓመቱ ተፈትቶ በውኃ ግፊት ይፈተሻል። እኛ ዘንድ ጋዝ መሙያው ከመከፈቱ በፊት ይህን የሚሠራ ቦታ ያስፈልገናል።

ሃይድሮጅን ሰው በጣም የሚፈራው ነው። አንዳንዱ ሲሰማው ቦምብ ይታየዋል። ሌላው ደግሞ በ1937 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነድዶ 36 ሰው የሞተበትን ሂንደንበርግ የተባለውን አየር መርከብ ያነሳል። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ ግን ሙሉው ሥዕል አይደለም።

መጥፎውን ላስቀድም። ሃይድሮጅን በአየር ውስጥ ከ4 እስከ 75 በመቶ በሆነበት ሁሉ ይነዳል። ይህ እጅግ ሰፊ ነው። ለመቀጣጠል የሚፈልገው ብልጭታም ኢምንት ነው፤ ቤንዚን ከሚፈልገው አንድ አሥረኛ ገደማ። ሹራብ ሲወልቅ የምትሰማው የኤሌክትሪክ ንዝረት እንኳ ይበቃዋል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ለቡታጋዝ ሆን ተብሎ የሚጨመርለት መጥፎ ሽታ ለመኪና ሃይድሮጅን አይጨመርም፤ ምክንያቱም ሽታውን በሚሰጠው ነገር ውስጥ ያለው ድኝ ሃይድሮጅኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ክፍል ያበላሻል። ስለዚህ አፍንጫ አያድንም፤ የሚያድነው ጠቋሚ መሣሪያ ነው። ሲነድም ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። በአሜሪካ የሮኬት ጣቢያዎች ድሮ ሠራተኞች መጥረጊያ ወደፊት ዘርግተው ይራመዱ ነበር፤ መጥረጊያው ከነደደ እሳት አለ ማለት ነው። በዚያ ላይ አንዳንድ ብረቶችን ቀስ በቀስ እንዲሰባበሩ ያደርጋል። ለተራ ቧንቧ የሚሆን ብረት ለሱ አይሆንም።

ጥሩው ደግሞ ይህ ነው። ሃይድሮጅን ከአየር 14 ጊዜ ይቀላል። ሜዳ ላይ ካፈተለከ ሽቅብ ተተኩሶ ይጠፋል። በ2001 እ.ኤ.አ. በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ማይክል ስዌይን የተባሉ ተመራማሪ ሁለት መኪናዎችን ጎን ለጎን አቁመው ሆን ብለው አቀጣጠሏቸው። አንዱ ሃይድሮጅን፣ ሌላው ቤንዚን ያፈስ ነበር። የሃይድሮጅኑ እሳት ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ወጣና ጋዙ ሲያልቅ ጠፋ። የመኪናው የኋላ መስታወት ሙቀት ከ47 ዲግሪ አላለፈም። የቤንዚኑ መኪና ግን ውስጡም ውጪውም ነደደ። ቤንዚኑ መኪናው ሥር ተንጣልሎ ነበርና። ይህ ሙከራ የተደረገው ክፍት ቦታ ላይ መሆኑን ግን ልብ በሉ። ኮርኒስ ባለው ዝግ ጋራዥ ውስጥ ቢሆን ሃይድሮጅኑ ጣሪያው ሥር ይጠራቀም ነበር። ታሪኩም ሌላ ይሆን ነበር።

ታንከሩስ? በቤት መኪና ውስጥ 700 ባር፣ በአውቶቡስ ብዙውን ጊዜ 350 ባር ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል። ነገር ግን ታንከሩ በካርቦን ክር ተጠቅልሎ የተሠራ ነው፤ ከተለመደው ግፊት ሁለት እጥፍ በላይ እንዲችል ይጠበቅበታል። ከከፍታ ይጣላል፣ እሳት ላይ ይቀመጣል። ሙቀት 110 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የሚከፈት ማስተንፈሻ ስላለው ጋዙ ሳይፈነዳ ወደ ውጭ ይለቀቃል።

ታዲያ አደጋ ደርሶ አያውቅም? ደርሷል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለጠው። ሰኔ 2019 እ.ኤ.አ. ኖርዌይ፣ ሳንድቪካ የሚገኝ የሃይድሮጅን መሙያ ፈነዳ። በአቅራቢያው የነበረ መኪና ኤርባግ ከፍንዳታው ግፊት የተነሳ ተከፍቶ ሁለት ሰዎች ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው። ምርመራው ያገኘው ምክንያት አንድ ነው፤ በታንከሩ ላይ ያሉ ብሎኖች በሚገባ አልጠበቁም ነበር። ከዚያ ሁለት ሳምንት ተኩል ግድም ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 2019 እ.ኤ.አ.፣ ደቡብ ኮሪያ ጋንግኑንግ ከተማ የሃይድሮጅን ታንከር ፈንድቶ ሁለት ሰዎች ሞቱ፣ ስድስት ቆሰሉ። ወደ ታንከሩ ኦክስጅን ገብቶ ነበር።

ቡታጋዝም እንዲሁ። ጥር 1999 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ፣ ሊዮን አጠገብ ባለችው ቬኒሲዩ፣ የነደደ መኪና ለማጥፋት የሄዱ ስድስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ታንከሩ ፈንድቶባቸው ክፉኛ ተጎዱ። ታንከሩ ማስተንፈሻ ቫልቭ አልነበረውም። ፈረንሳይ ከዚያ በኋላ ቫልቩን ግዴታ አደረገች። ግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ፓኪስታን ጉጅራት የተማሪዎች ሚኒባስ ነድዶ ሕፃናት ሲያልቁ ደግሞ የመጀመሪያው ዜና «የጋዝ ሲሊንደር ፈነዳ» የሚል ነበር። በኋላ ፖሊስ ያለው ሌላ ነው፤ እሳቱ የተነሳው መኪናው ውስጥ በዕቃ ተጭኖ ከነበረ ቤንዚን አጠገብ በተፈጠረ ብልጭታ ነው። ይህን ሳነብ የኛው ሃይላንድ ነው ትዝ ያለኝ።

ያልጠበቀ ብሎን፣ የቀረ ቫልቭ፣ በዕቃ የተጫነ ቤንዚን። እነዚህ ሁሉ የሰው እጅ ሥራዎች ናቸው። የባሕር ዳር መካኒክ እጁ ወርቅ መሆኑን አውቃለሁ። ካርቡራተር ፈታትቶ፣ የጠፋ መለዋወጫ በራሱ ሠርቶ ያስነሳል። በጋዝ ላይ ግን ይህ ብልሃት አይሠራም። ብየዳ የነካው ሲሊንደር መጣል አለበት። የውኃ ጎማ ለቡታጋዝ አይሆንም፤ ጋዙ ጎማውን ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። የሚያፈስ መገጣጠሚያ የሚፈለገው በክብሪት ሳይሆን በኦሞ አረፋ ነው። መካኒኩ ብሩሽ በአረፋው ነክሮ መገጣጠሚያውን ይቀባል። ትንሽ ይጠብቃል። አንዲት አረፋ ካደገች ያፈሳል። ሥራው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ወጪውም ኢምንት ነው።

በዓለም ደረጃ የታወቁ ደንቦች አሉ። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች ውስጥ ቁጥር 67 ለቡታጋዝ፣ ቁጥር 110 ለተፈጥሮ ጋዝ፣ ቁጥር 134 ለሃይድሮጅን ናቸው። ደንቡን ያሟላ ታንከር ቁጥሩና የተሠራበት ጊዜ በላዩ ላይ ታትሞ ይመጣል፤ በተፈጥሮ ጋዝና በሃይድሮጅን ታንከር ላይ ደግሞ የሚያገለግልበት ዘመንም ይጻፋል። ለቦሎ ምርመራ የሚቀርብ የጋዝ ተሽከርካሪ ቢያንስ ይህ ጽሑፍ እንዲነበብለትና የአረፋው ፍተሻ እንዲደረግለት እፈልጋለሁ። ዕድሜው ያለፈ ሲሊንደር የያዘ ቦሎ አይሰጠው። ለመቀየር የሚፈቀድላቸው ጋራዦችም ሠልጥነው፣ ስማቸው በይፋ ተለጥፎ ይታወቅ። ፖሊ ካምፓስ የሚገኘው የቴክኖሎጂ ተቋም እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ መምህራንም ተማሪዎችም አሉት። ሥልጠናውን ለመጀመር የግድ አዲስ አበባ መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም።

ሃይድሮጅንን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከደኅንነት ትንሽ ቢርቅም። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ከውኃ ለማውጣት 50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት መብራት ይጠይቃል። በዚያ አንድ ኪሎ የቤት መኪና 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ያንኑ መብራት በቀጥታ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥ ብንጨምረው 300 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳል። ስለዚህ ለከተማ ውስጥ ጉዞ፣ ለባጃጅና ለታክሲ፣ የሃይድሮጅንን አደጋ ለመሸከም በቂ ምክንያት አይታየኝም። ባትሪም የራሱ እሳት አለው፤ ከነደደ ለማጥፋት ብዙ ውኃና ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። ቢሆንም 700 ባር ታቅፎ አይሄድም። ሃይድሮጅን ቢታሰብ ለረጅም መንገድ የጭነት መኪና ነው። መሙያውም ከመኖሪያ ሰፈር ርቆ፣ ጣሪያው ክፍት በሆነ ቦታ ይሁን።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቻችን ደግሞ ከሁሉም ቀድመው ማወቅ አለባቸው። እየነደደ ያለ የቡታጋዝ ታንከር ጋዙ ካልተዘጋ በስተቀር ነበልባሉን ማጥፋት ልክ አይደለም። ያልነደደው ጋዝ ወለል ላይ ተከማችቶ በአንድ ጊዜ ሊነሳ ይችላል። ትክክለኛው ራቅ ብሎ ታንከሩን በውኃ ማቀዝቀዝ ነው። ይህን ለማድረግ ግን መኪናው ጋዝ እንደያዘ ከሩቅ መታወቅ አለበት። ጋዝ የሚጠቀም ተሽከርካሪ ሁሉ ከፊትም ከኋላም ትልቅና ደማቅ ምልክት፣ ከነጋዙ ዓይነት በአማርኛ ተጽፎበት፣ መለጠፍ ይኖርበታል።

ለተሳፋሪው የምለው አጭር ነው። ባጃጅ ወይም ሚኒባስ ውስጥ የቡታጋዝ ሽታ ከሸተታችሁ ዝም አትበሉ፤ አስቁሙና ውረዱ። ወደ ነፋሱ መምጫ ሂዱ። ቦይ ውስጥ ወይም ዝቅተኛ ቦታ አትቁሙ። ስልክ የምትደውሉት ራቅ ካላችሁ በኋላ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይዝጋ። ሽታው ጨርሶ ጠፍቶ መካኒክ በአረፋ እስኪያየው ድረስ ቁልፉን እንዳይነካው።